ጥልቀቱ ከየት ጀምሮ? የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ ኤክስካቫተር ቁፋሮ ልኬት

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል በቁፋሮ ጥልቀት ላይ የሚያተኩሩትን ሰብስበናል። ጠያቂዎቹ ኦፕሬተሮች፣ ሳይት ተቆጣጣሪ፣ መሐንዲስ፣ የማሽን ባለቤት፣ ማሽን ገዢና ቤት የሚያሠሩ ሰው ናቸው። ሁሉም «ስንት ሜትር?» ብለው ይጀምራሉ፤ «ከየት ጀምሮ?» ያሉን ግን አንድ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከታች እንደሚታየው አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሳው ከማሽኑ ሳይሆን ከዚህች ካልተጠየቀች ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በፒሲ 200 ኤክስካቫተር ነው፤ ምንም የጥልቀት መለኪያ የለውም። የፍሳሽ መስመር ቦይ ስንቆፍር ሰርቨየሩ ጠዋት ችካል ተክሎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ረዳቴ በየባኬቱ ሜትር እየዘረጋ ነው የምንሄደው። ስቲኩ (ባኬቱን፣ ማለትም መቆፈሪያውን አካፋ፣ የሚይዘው የክንዱ ክፍል) ላይ በቀለም ምልክት አድርጌ ነበር፤ አንዳንዴ ልክ ይመጣል፣ አንዳንዴ ጉድ ይሠራኛል። ምን ይሻላል? (ኦፕሬተር፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ የቀለሙ ምልክት የሚያገለግለው ስቲኩ እንደ ቱንቢ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ብቻ ነው። ምልክቱ ከጥርሱ ጫፍ 1.80 ሜትር ላይ ነው እንበል። ስቲኩ 10 ዲግሪ ሲያጋድል የቁም ልኩ 1.77 ይሆናል፤ ይህ ያን ያህል አይጎዳም። 20 ዲግሪ ሲያጋድል ግን 1.69 ነው፤ 11 ሴንቲ ሜትር ጠፋ ማለት ነው። በዚያ ላይ ባኬቱን ትንሽ ባጠፉት ቁጥር ጥርሱ ወደ ምልክቱ ስለሚቀርብ ልኩ እንደገና ይለወጣል። ምልክቱን ለሻካራው ቁፋሮ ይጠቀሙበት፤ ለመጨረሻው 20 ሴንቲ አይመኑት።

ረዳትዎ በሜትር የሚለካው ደግሞ ከመሬቱ ጠርዝ ጀምሮ ከሆነ ሌላ ችግር አለ። የቧንቧው ተዳፋት ከመሬቱ ተዳፋት ጋር አንድ አይደለም። «1.80 ቆፍር» ተብሎ ከጠርዙ 1.80 ሲወርድ የቦዩ ወለል የመሬቱን ጉብታና ጎድጓዳ እየተከተለ ይሄዳል፤ ፍሳሹም ጎድጓዳው ላይ ይተኛል።

ርካሹና አስተማማኙ መንገድ በቦዩ ጎን የሚወጠር ሲባጎ ነው። ሰርቨየሩ ከመሄዱ በፊት አንድ ሰዓት ይስጣችሁ እንጂ ቀኑን ሙሉ እሱን መጠበቅ አያስፈልግም። በቁጥር እንየው። ቤንችማርኩ (ቁመቱ የታወቀ ቋሚ መነሻ ነጥብ) 100.00 ነው። የመጀመሪያው ማንሆል ላይ የቧንቧው የውስጥ ወለል 98.20 ይላል። የቧንቧው ግድግዳ 1 ሴንቲ፣ ከሥሩ የሚነጠፈው አሸዋ 10 ሴንቲ ቢሆን የቦዩ ወለል 98.09 ነው። መስመሩ 40 ሜትር ርዝመትና 1 በመቶ ተዳፋት ካለው የሌላው ጫፍ ወለል 97.69 ይሆናል። አሁን ሲባጎውን ከቦዩ ወለል ልክ 2.50 ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ትወጥሩታላችሁ፦ መነሻው ላይ 100.59፣ 10 ሜትር ላይ 100.49፣ 20 ላይ 100.39፣ 30 ላይ 100.29፣ መጨረሻው ላይ 100.19። ችካሎቹ በየ10 ሜትሩ ይሁኑ። ከዚያ ከራቁ ሲባጎው መሃሉ ላይ ይረግባል፣ ማለዳ በጤዛ ሲርስ ደግሞ ይብስበታል። ቦታው ከቦዩ መሃል ወደ ጎን 2 ሜትር፣ አፈሩ ከሚጣልበት ተቃራኒ በኩል ነው፤ እዚያ ሰንሰለቱ አይደርስበትም።

ለመለካት 2.50 ላይ በሚስማር የተጫረ ዘንግና ቀጥ ያለ 2.5 ሜትር ሞራሌ ይበቃል። ረዳቱ ጠርዙ ላይ ቆሞ ዘንጉን ወለሉ ላይ ያቆማል። ሌላው ሰው የሞራሌውን አንድ ጫፍ ሲባጎው ላይ ያሳርፍና ውሃ ልክ አድርጎበት ወደ ዘንጉ ያዘረጋዋል። ሞራሌው ከጭረቱ በላይ ካረፈ ከልክ በላይ ተቆፍሯል፤ ከጭረቱ በታች ካረፈ ገና ይቀራል። ማንም ሰው ቦይ ውስጥ አልገባም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የእናንተ ቦይ ወደ 1.9 ሜትር ይጠጋል። በአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ ከ1.5 ሜትር በላይ የሆነ ቦይ፣ ወጥ አለት ላይ ካልሆነ በቀር፣ ያለ ድጋፍ ወይም ያለ ተዳፋት ሰው አይገባበትም፤ የተቆፈረው አፈርም ከጠርዙ ቢያንስ 60 ሴንቲ መራቅ አለበት። ደንቡ የእነሱ ቢሆንም አፈሩ የትም አገር ያው አፈር ነው። ሲለካ ባኬቱ መሬት ላይ ይረፍ፣ እጅዎ ከሌቨሩ ላይ ይነሳ።

የሚሽከረከር ሌዘር ካላችሁ ሥራው ያጥራል። ሌዘሩን ተክላችሁ ስታፉን (ቁጥር የተጻፈበትን የልኬት ዘንግ) ቤንችማርኩ ላይ ስታቆሙ 1.35 ካነበበ ጨረሩ 101.35 ላይ ነው ያለው። መነሻው ላይ ስታፉ ማንበብ ያለበት 101.35 ሲቀነስ 98.09፣ ማለትም 3.26 ነው። በየ5 ሜትሩ 5 ሴንቲ ጨምሩበት፦ 3.31፣ 3.36፣ እያለ መጨረሻው ላይ 3.66። ቁጥሮቹን ካርቶን ላይ ጽፋችሁ ካቢኑ ውስጥ ስቀሉት። የሌዘሩን እግር ከማሽኑ አጠገብ አትትከሉ፤ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ብዙዎቹ ሌዘሮች መሽከርከራቸውን ያቆማሉ። ሳያቆም ቀስ ብሎ የሰመጠ ሌዘር ግን ከቆመው ይብሳል። ስለዚህ ምሳ ላይና ማታ ቤንችማርኩን መልሳችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ማሽናችን ባለ 2ዲ የጥልቀት ሲስተም (የጥርሱን ጥልቀት በስክሪን የሚያሳይ) ነው። ስክሪኑ 2.00 ሜትር ሲል ስታፍ አውርደን ስንለካ 1.87 እናገኛለን። ቴክኒሻን ብናመጣ «ሴንሰሩ ሞቷል፣ ይቀየር» አለን። ዋጋው ቀላል አይደለም። ከመክፈላችን በፊት ራሳችን ልናየው የምንችለው ነገር አለ? (የማሽን ባለቤት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አለ፣ ብዙ ነው። የሞተ ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ያጋልጣል፤ ስክሪኑ የስህተት ምልክት ያወጣል፣ ወይም ክንዱ ሲንቀሳቀስ ቁጥሩ ፈዝዞ ይቀራል። ሁሌ በ13 ሴንቲ የሚሳሳት ሲስተም በሕይወት አለ፤ የተነገረው ነገር ነው የተሳሳተው።

ሲስተሙ ጉድጓዱን አያየውም። የሚያውቀው የቡሙን (ከማሽኑ ገላ የሚነሳውን ዋና ክንድ)፣ የስቲኩንና የባኬቱን ርዝመት ከፒን እስከ ፒን (ከመጋጠሚያ እስከ መጋጠሚያ)፣ እንዲሁም እያንዳንዳቸው ከአግድም ስንት ዲግሪ እንዳዘነበሉ ነው። ዝንባሌውን የሚነግሩት በቡሙ፣ በስቲኩ፣ በባኬቱ ማያያዣና በማሽኑ ገላ ላይ ያሉ ሴንሰሮች ናቸው። አንዳንድ የኮማትሱ ማሽኖች ጃኩ (ክንዱን የሚገፋው ሲሊንደር) ስንት እንደወጣ የሚለካ ሴንሰር ጃኩ ውስጥ አላቸው፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። ከእነዚህ ርዝመቶችና ማዕዘኖች የጥርሱን ጫፍ ከፍታ ያሰላል። አንዱ ርዝመት ወይም አንዱ ማዕዘን ከተሳሳተ ስሌቱ በትክክል የተሳሳተ መልስ ይሰጣል።

መጀመሪያ ስህተቱ ወዴት እንዳጋደለ እዩ። የእናንተ ስክሪን ከእውነቱ በላይ ጠልቄያለሁ ይላል። ማለትም ማሽኑ ክንዱን ከሆነው በላይ ረጅም አድርጎ ያስባል። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የተበላ ጥርስ ነው፤ ድንጋያማ መሬት ላይ የሚሠራ ጥርስ አዲስ ከነበረበት ብዙ ሴንቲ ያጥራል፣ ስክሪኑ ግን አሁንም አዲሱን ርዝመት ይዟል። ሁለተኛው ተጠርጣሪ በስክሪኑ ላይ የተመረጠው ባኬት ነው። ትልቁ ባኬት ተመርጦ ትንሹ ከተገጠመ ልዩነቱ በቀላሉ ከ10 ሴንቲ ያልፋል። ስክሪኑ ከእውነቱ ያነሰ ጥልቀት ቢናገር ኖሮ ደግሞ ተቃራኒውን እንጠረጥር ነበር፦ ባኬት ቶሎ የሚቀያየርበት ኩፕለር ተገጥሞ ለሲስተሙ አልተነገረው ይሆናል፣ ወይም አዲስ ጥርስ ገብቶ የድሮው ልክ አልተቀየረም።

ከዚያ የሚስማሩን ፈተና ሥሩ። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ገንዘብ አያስወጣም። ጠንካራ መሬት ላይ ማሽኑን አቁማችሁ፣ በደንብ የተመታ ችካል ላይ ሚስማር ምቱ። መሃለኛውን ጥርስ ሚስማሩ ራስ ላይ በቀስታ አሳርፉ፤ አትጫኑት። ከተጫናችሁት ማሽኑ ከፊቱ ይነሳል፣ ፒኖቹም በላላው በኩል ይዞራሉ። ክንዱ እስኪረጋጋ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቃችሁ ቁጥሩን ጻፉ። ይህን በሦስት ርቀት አድርጉት፦ ክንዱ ሊዘረጋ ትንሽ ሲቀረው፣ መካከል ላይ፣ እና ወደ ማሽኑ ተጠግቶ። በሦስቱም ባኬቱ ወደ መሬቱ ያለው አቀማመጥ አንድ ዓይነት ይሁን። ቀጥሎ መካከለኛው ርቀት ላይ ሆናችሁ ያንኑ ሚስማር ባኬቱን ዘርግታችሁ፣ ጥርሱን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ከዚያም አጥፋችሁ ንኩ።

ሚስማሩ አልተንቀሳቀሰም፤ ስለዚህ ስድስቱም ቁጥሮች በ2 ሴንቲ ውስጥ መውደቅ አለባቸው። ካልወደቁ አወዳደቃቸው ራሱ ይናገራል። ቁጥሩ የሚለወጠው ባኬቱ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ ባኬቱ ላይ ነው፤ ጥርስ፣ የተመረጠው ባኬት ወይም የማያያዣው ልኬት። በሩቅና በቅርብ የሚለያይ ከሆነ ቡሙን፣ ስቲኩን ወይም የማሽኑን ገላ ሴንሰር ጠርጥሩ። በአንድ አቀማመጥ ደጋግማችሁ ስትነኩ ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ የላላ ነገር አለ፦ ፒንና ቡኮላ (ፒኑ የሚዞርበት ቀለበት)፣ ወይም የሴንሰሩ መያዣ ብሎን። ስድስቱም አንድ ዓይነት ሆነው ከስታፉ ጋር ብቻ ካልተስማሙ ደግሞ ሲስተሙ ጤነኛ ነው፤ ዜሮው (ጥልቀቱ የሚቆጠርበት መነሻ) የተወሰደበት ቦታ ወይም ስታፉ የቆመበት ቦታ ነው የተሳሳተው።

ማዕዘን ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር ማወቅ ጥሩ ነው። 5.7 ሜትር ቡም ላይ የ1 ዲግሪ ስህተት እስከ 10 ሴንቲ ያመጣል። 2.9 ሜትር ስቲክ ላይ ተዘርግቶ ሲተኛ 5 ሴንቲ ያህል ነው፤ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ግን ወደ ዜሮ ይጠጋል። ለዚህ ነው አንዳንድ ማሽን ቅርብ ሲቆፍር ልክ የሆነው፣ ሩቅ ሲዘረጋ የሚሳሳተው። ድንጋይ የመታው ወይም መካኒክ የረገጠው የቡም ሴንሰር መያዣ በዓይን የማይታይ 1 ዲግሪ መጣመም ይበቃዋል። መያዣዎቹን በእጅ ነቅንቁ፣ ብሎኖቹን እዩ፣ ቀለሙ የተፋቀበት አዲስ ጠባሳ ፈልጉ።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። ጥርሱ 4 ሴንቲ የተበላ ማሽን ዜሮውን ጥርሱን ቀጥ አድርጎ ወስዶ፣ ሲቆፍርም ጥርሱን ቀጥ አድርጎ ከለካ ስህተቱ ይጣፋል፤ ስክሪኑም ልክ ይናገራል። ዜሮውን ባኬቱን ጠፍጣፋ አስተኝቶ ወስዶ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ቀጥ አድርጎ ሲለካ ግን 4 ሴንቲው ብቅ ይላል። «ትናንት ልክ ነበር፣ ዛሬ ተበላሸ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ዜሮ የወሰዳችሁበትን የባኬት አቀማመጥ ጥልቀት ስታነቡም ድገሙት።

የማሽኑ ወደ ጎን መጋደልም አለ። 1.2 ሜትር ስፋት ያለው ባኬት ማሽኑ ወደ ጎን 3 ዲግሪ ሲያጋድል የግራውና የቀኙ ጥርስ በ6 ሴንቲ ይለያያሉ። ስክሪኑ የሚናገረው ስለ መሃለኛው ነው ወይስ ስለ ግራው? ቅንብሩ ላይ ተጽፏል፤ እዩትና ስታፉን በዚያው በኩል አውርዱ።

ይህን ሁሉ አልፎ ስህተቱ ካለ የፒን ለፒን ርዝመቶቹ በቶታል ስቴሽን (ማዕዘንና ርቀት በሚለካ የሰርቨየር መሣሪያ) እንደገና ይለኩና ሲስተሙ ካሊብሬት ይደረግ፣ ማለትም ልኬቱ ይስተካከል። የቡሙ እግር ፒን ከካቢኑ ጀርባ ስለሚደበቅ በሜትር የተለካ ልክ እምነት አይጣልበትም። ሴንሰር መግዛት የዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ከላይኛው ጋር በሚመሳሰል ማሽን እሠራለሁ። አንድ ቦታ ላይ ስቆም ልክ ነው፤ ማሽኑን ወደ ኋላ ሳንቀሳቅሰው ግን ጥልቀቱ ይፋለስብኛል። (ኦፕሬተር፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይህ ብልሽት አይደለም። ባለ 2ዲ ሲስተም ቁመቱን የሚያውቀው ከራሱ ከማሽኑ አንጻር ብቻ ነው። ሰንሰለቱ 15 ሴንቲ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ሲወጣ ዜሮውም አብሮት 15 ሴንቲ ይወርዳል፤ ማሽኑ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ከመንቀሳቀስዎ በፊት ከሁለቱም አቋቋም የሚደረስበት ጠንካራ ነጥብ ይምረጡ፤ የተመታ ችካል ወይም የማይነቃነቅ ድንጋይ ይሆናል። ጥርሱን አሳርፈው ቁጥሩን ያስመዝግቡ። ማሽኑን ያንቀሳቅሱ። ያንኑ ነጥብ በዚያው የባኬት አቀማመጥ ነክተው ያስመዝገቡትን ቁጥር መልሰው ይስጡት። ችግሩ ስህተቱ መደራረቡ ነው። በእያንዳንዱ ሽግግር 1 ሴንቲ ያህል ቢሳሳቱና ስህተቱ ሁሌ ወደ አንድ ወገን ቢሆን፣ ከአሥር ሽግግር በኋላ 10 ሴንቲ ወጥተዋል። በየሦስትና አራት ሽግግሩ ወደ ቤንችማርኩ ወይም ሰርቨየሩ ወደ ተወው ችካል ይመለሱ።

ስቲኩ ላይ የሌዘር መቀበያ ካለዎት ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ስቲኩን ቀጥ አድርገው ወደ ጨረሩ ከፍ ሲያደርጉት መቀበያው ይይዘዋል፣ ሲስተሙም ቁመቱን ራሱ ያስተካክላል። በየሽግግሩ አንድ ጊዜ ይበቃል።

ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ዋልካ ላይ፣ በተለይ ከዝናብ በኋላ፣ ማሽኑ ሳይንቀሳቀስም ይሰምጣል፤ እየቆፈሩ ባሉበት ሰንሰለቱ ጥቂት ሴንቲ ሊወርድ ስለሚችል ዜሮውን በየሰዓቱ ይንኩት። ሌላው፣ ተዳፋት አስገብተው የሚሠሩ ከሆነ ነው። የመዞር ሴንሰር የሌለው ማሽን ካቢኑ ሲዞር ተዳፋቱም አብሮት ይዞራል። ወደ ቦዩ ፊትዎን አዙረው ያስገቡት 1 በመቶ፣ ካቢኑ 90 ዲግሪ ሲዞር ወደ ጎን የሚወርድ 1 በመቶ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ቤት ላሠራ መሠረት አስቆፈርኩ። ስምምነታችን በሜትር ኩብ ነበር። ቆፋሪው ጥልቀቱን 2.70 ብሎ አስልቶ ሂሳብ አመጣልኝ። እኔ ያን ያህል አይመስለኝም፤ ግን እንዴት ብዬ ልከራከር? ቦታው ተዳፋት ነው። (ቤት ሠሪ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ምናልባት 2.70ው ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ጥልቁ ማዕዘን ላይ ተለክቶ ከሆነ። ተዳፋት ላይ አንድ ጥልቀት የሚባል ነገር የለም።

12 ሜትር በ9 ሜትር የሆነ ጉድጓድ ብንወስድ፣ አራቱ ማዕዘኖች ላይ የተፈጥሮ መሬቱ 100.20፣ 100.05፣ 98.90 እና 98.70 ነበር፤ ወለሉ 97.50 ላይ ተስተካክሏል እንበል። ጥልቀቶቹ 2.70፣ 2.55፣ 1.40 እና 1.20 ናቸው። አማካዩ 1.96 ሜትር ሲሆን፣ በ108 ካሬ ሜትር ሲባዛ 212 ሜትር ኩብ ይሆናል። በ2.70 ከተሰላ ግን ወደ 292 ይወጣል። 80 ሜትር ኩብ ልዩነት ያመጣው ሜትሩ የተዘረጋበት ማዕዘን ብቻ ነው። መሬቱ ወጣ ገባ ከሆነ አራት ማዕዘን አይበቃም፤ በየ3 ሜትሩ ነጥብ ወስዶ ማማከል ነው።

መሬቱ ቀድሞ አልተለካ ከሆነ ማስረጃው ተጭኖ ሄዷል። ቢሆንም ጉድጓዱ ዙሪያ ያልተነካው መሬት አለ። ጠርዙን በአራቱም ጎን በየ3 ሜትሩ በሌቭል አንብቡ፣ ወለሉንም እንዲሁ። ሌቭል ከሌለ ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውሃ የተሞላ ግልጽ ጎማ ይሠራል፤ ውስጡ የአየር አረፋ እንዳይኖር ብቻ ተጠንቀቁ፣ አንዲት አረፋ ብዙ ሴንቲ ታሳስታለች። ለሌላ ጊዜ ደግሞ ጉድጓዱ መሃል ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ አፈር ሳይቆፈር እንዲቀር አድርጉ፤ የቀድሞው መሬት የት እንደነበረ ሒሳብ እስኪዘጋ ይመሰክራል። ከተለካ በኋላ ይነሳል።

በቢያጆ ቁጥር ለመከራከር አትሞክሩ። የተቆፈረ አፈር ይነፋል። ሸክላ አፈር 30 በመቶ ያህል ቢነፋ 212 ሜትር ኩቡ መኪና ላይ 276 ይሆናል፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ ከ17 ቢያጆ ትንሽ ያልፋል። 17 በ16 ተባዝቶ «272 ሜትር ኩብ ቆፍሬያለሁ» የሚል ሒሳብ ሲመጣ፣ የተነፋው አፈር ዋጋ እየተጠየቀ መሆኑን እወቁ። ውሉ ላይ «ባልተነካ መሬት ልክ» የሚል ቃል ይግባ።

ጥያቄ፦ የምገዛው ማሽን ወረቀት ላይ «ከፍተኛ የቁፋሮ ጥልቀት 6.72 ሜትር» ይላል። ያው ሞዴል ያለው ጓደኛዬ 6 ሜትር ላይ ሲደርስ ይቸገራል። ወረቀቱ ይዋሻል? (ከመቀሌ)

መልስ፦ አይዋሽም፤ የሚናገረው ግን ስለ አንዲት ነጥብ ነው። 6.72 የካት 320 ባለ 5.7 ሜትር ቡምና 2.9 ሜትር ስቲክ ልክ ነው። የሚለካው ማሽኑ ከቆመበት መሬት ጀምሮ፣ ቡሙ እስከ መጨረሻ ወርዶ፣ ስቲኩና ጥርሱ ቀጥ ብለው፣ ጥርሱ የሚደርስባት ጥልቅ ነጥብ ላይ ነው። እዚያች ነጥብ ላይ አፈር ሞልቶ ማውጣት አይቻልም። ወረቀቱን ወደ ታች ብታዩት «ለ2.44 ሜትር ጠፍጣፋ ወለል» የሚል ሌላ ጥልቀት አለ፤ ከመጀመሪያው ያንሳል። ለሥራ የሚጠቅመው እሱ ነው፤ ከዚያም ቀጥ ያለ ግድግዳ የሚቆፈርበት ጥልቀት፣ እሱ ደግሞ ከሁለቱም ያንሳል።

የጓደኛዎ ማሽን አጭር ስቲክ ከተገጠመለት ጥልቀቱ ከወረቀቱ ይቀንሳል፤ አንድ ሞዴል ከአንድ በላይ የስቲክ ርዝመት ስላለው ያገለገለ ማሽን ሲገዙ ስቲኩን ከፒን እስከ ፒን ይለኩ። 6 ሜትር ዘወትር የሚያስፈልግዎት ከሆነ ወይ ከፍ ያለ ማሽን፣ ወይ ማሽኑ አንድ ሜትር ዝቅ ብሎ የሚቆምበት ደረጃ መቁረጥ ነው። ደረጃውን ሲቆርጡ ግን መውጫውን አስቀድመው ያስቡ።

ጥያቄ፦ ኦፕሬተራችን መሠረቱን 12 ሴንቲ አሳልፎ ቆፈረው። ፎርማኑ «ያንኑ አፈር መልሰን እንጠቅጥቀው» ይላል። (ሳይት ተቆጣጣሪ፣ ከጅማ)

መልስ፦ አይሆንም። የተነሳ ሸክላ በእጅ ጠቅጣቂ ቀድሞ ወደ ነበረበት ጥንካሬ አይመለስም፤ መሠረቱም እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ይሰምጣል። 12 ሴንቲውን በሊን ኮንክሪት (ሲሚንቶው ያነሰ ኮንክሪት) ሙሉት፣ ወይም አማካሪ መሐንዲሱ ከፈቀደ በተመረጠ ማቴሪያል በደንብ ጠቅጥቃችሁ። ወጪው አብዛኛውን ጊዜ የቆፋሪው ነው፤ የሚከፈለው በፕላኑ ልክ እንጂ ባሳለፈው አይደለምና።

ለቀጣዩ፦ ባለ ጥርስ ባኬት ከመጨረሻው ልክ 10 እስከ 15 ሴንቲ ሲቀረው ይቁም፤ ጥርሱ ከሚታየው ወለል በታች ያለውንም አፈር ያናጋል። ቀሪው በጥርስ አልባ ማጽጃ ባኬት ወይም በእጅ ይነሳ። ክረምት ላይ ያቺን የመጨረሻዋን ንብርብር ሊን ኮንክሪቱ በሚፈስበት ቀን ጠዋት ብቻ አንሷት።

ጥያቄ፦ ጂፒኤስ ያለው ባለ 3ዲ ሲስተም ብናስገጥም ከዚህ ሁሉ ጣጣ እንገላገላለን? (የተቋራጭ ድርጅት መሐንዲስ፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ከዜሮ መጥፋት ይገላግላችኋል። ማሽኑ ጀርባ ላይ ያሉት ሁለት አንቴናዎች ቦታውንም የዞረበትን አቅጣጫም ስለሚነግሩት ሲንቀሳቀስ ዜሮ መውሰድ አያስፈልግም። የመንገድ ተዳፋት፣ ቦይና ሰፊ የመሬት ሥራ ላይ ይከፍላል። ለአንድ ሕንፃ መሠረት ግን ሌዘርና ጥሩ ረዳት ይበቃሉ፤ በግንብ በተከበበ ሳይት ደግሞ ሰማዩ ስለሚከለል ሲግናሉ ይቆራረጣል።

የጂፒኤስ ቁመት ከአግድሙ ይልቅ ደካማ ነው፤ ጥሩ ማስተካከያ እየደረሰው 2 እና 3 ሴንቲ ይዋልላል። ተዳፋቱ ግማሽ በመቶ የሆነ የፍሳሽ መስመር በ10 ሜትር የሚወርደው 5 ሴንቲ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥራ በሌዘር ጨርሱት። የተበላ ጥርስም ባለ 3ዲውን ልክ እንደ ባለ 2ዲው ያሳስተዋል።

የዲዛይን ፋይሉን ከማስገባታችሁ በፊት በየትኛው ዳተም (የካርታ ልኬት መነሻ ሥርዓት) እንደተሠራ ጠይቁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ የቆዩ ካርታዎችና የመቆጣጠሪያ ነጥቦች በአዲንዳን ናቸው፤ የማሽኑ ሪሲቨር ደግሞ በዳብሊውጂኤስ 84 ይናገራል። ሁለቱ ሳይቀየሩ ከተደባለቁ ማሽኑ ከ200 ሜትር በላይ ፈቀቅ ብሎ ራሱን ያያል። ይህ ወዲያው ስለሚታወቅ አያስፈራም። የሚያስፈራው የቁመቱ ነው፤ ሳተላይቱ የሚሰጠው ቁመት ቤንችማርኩ ላይ ከተጻፈው ቁመት ጋር አንድ አይደለም። ሳይቱን የሚከብቡ ቢያንስ አራት፣ ቢቻል አምስት የታወቁ ነጥቦች ላይ ሪሲቨሩን አቁማችሁ ሲስተሙን ከቦታው ጋር አስተካክሉ። አንዱን ነጥብ ከስሌቱ ውጭ አስቀርታችሁ ጥርሱን እሱ ላይ አሳርፉና ስክሪኑን ከተጻፈው ቁመት ጋር አነጻጽሩ። ልዩነቱ ከ3 ሴንቲ በላይ ከሆነ ባኬቱ አፈር አይንካ።